መካሪዬና የወይን ሐረጌ

ወይኔን ማጣፈጥ ያስከፈለኝ የሱቄን ጥላ ነው። ለመሆኑ በባሕር ዳር ፀሐይ፣ ጥላ ከሌለው ሱቅ ደጅ ማን ይቆማል? እዚሁ ግሽ አባይ ሰፈር ያሉ ደንበኞቼ ስኳርና ሳሙና ትዝ የሚላቸው ደጄን ካለበሰው የወይን ሐረግ ሥር አረፍ ብለው ሲያወሩ ነበር።

የራሱ ተክል የሌለው፣ ቢላዋ ግን ከኪሱ የማይጠፋ መካሪ አጋጥሟችሁ ያውቃል? የእኔው ጎረቤቴ አቶ ሙላት ናቸው። ቅርንጫፎቹን ከረከሙና የግንዱን ቅርፊት ዙሪያውን እንደ ቀለበት ላጡት።

«ስኳሩ ወደ ሥር እንዳይወርድ ነው ወንድሜ፤ ፍሬው ላይ ይቀራል» አሉኝ።

እውነት አላቸው፤ ቀለበቱ ቀጭን ከሆነ ቅርፊቱ መልሶ ይገጥማል። እሳቸው ግን አመሻሽ ላይ እየመጡ አንድ ዘለላ ይቀምሳሉ፤ «ገና ይጎመዝዛል» ይሉና ቀለበቱን ያሰፋሉ።

«ጋሼ፣ ግንዱ አይሞትም?» አልኋቸው።

«አንተ ነጋዴ አይደለህም እንዴ? ትዕግሥት ይኑርህ!»

ቀለበቱ ስንዝር ሲሞላ ወይኑ ማር ሆነ። ይህን የነገሩኝም እሳቸው ናቸው፣ የመጨረሻውን ዘለላ ሲጨርሱ። ሐረጉ ደረቀ፤ ደንበኞቼም ከማዶው ሱቅ ማንጎ ሥር ሄደው ተቀመጡ።

ዛሬ ጧት አቶ ሙላት ያንን ማንጎ ቀና ብለው ሲያዩት አየሁ። ለባለሱቁ አልነገርሁትም።

ሒሳቡ ይኸው ነው፦ ጥላ የለኝም፤ ወይኑንም አልቀመስሁም።