ዳይኖሰር በሽማግሌዎች ፊት

ዳንግላ ላይ የባዮሎጂ መምህር ሆኖ መኖር እንዴት እንደሚያደክም ታውቃላችሁ? የጎረቤት ላም ስታስል ይጠሩኛል። ድንች ማሳው ላይ ሲበሰብስ ይጠሩኛል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ አስቁሞ፣ ኪንታሮት በምን ይነቀላል ያለኝም አለ። እኔ የማውቀው ቅጠል ምግቡን እንዴት እንደሚያዘጋጅ ነው። ለዚያውም ከመጽሐፍ።

ዳይኖሰር ግን ይመጣብኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አያ ጥላሁን የሰፈራችን ባለጋሪ ናቸው። ቤታችንን የሚለየው አጥር ብቻ ነው። ልጃቸው ሙሉ፣ አዲሱ ከሚባል ባለባጃጅ ጋር ተዋደደች። አዲሱ ሽማግሌ ላከ፤ አያም እሺ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ታዲያ አንድ ወሬኛ መጣና፣ ልጁ ባጃጅ ተራው ላይ «ዳይኖሰሩ አማቴ» እያለ ነው የሚጠራዎት አላቸው። በቃ፣ ነገሩ ቆመ።

ክፋቱ፣ ስድቡን ሁሉም ሰምቷል፤ ትርጉሙን በወጉ የሚያውቅ የለም። አንዱ የጅብ ዘር ነው አለ፣ ሌላው የጋኔን ስም ነው። አያ በአገውኛም በአማርኛም ቢያስቡት አጡት። ስለዚህ መምህሩ ይጠራ ተባለ። እኔ ደግሞ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ዓይኔ ሊከደን ነበር።

ስወጣ ሙሉ አጥሩ ጋ ጠበቀችኝ። ዓይኗ አባብጧል።

«መምህር፣ በእናትዎ፣ ደህና ትርጉም ይስጡት» አለችኝ።

ደህና ትርጉም ከየት ላምጣ? ቃሉን ያወጣሁት እኔ ነኝ?

አያ ቤት ስገባ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። አዲሱ አንገቱን ደፍቶ በር ላይ ቆሟል።

«ይንገሩን መምህር፣ እንዳይደብቁን» አሉ አያ።

ነገርኳቸው። ስሙን ያወጣው አንድ እንግሊዛዊ ምሁር ነው፤ ቃሉን ከግሪክኛ ወስዶ። ትርጉሙም «አስፈሪ እንሽላሊት» ነው አልኩ።

«አስፈሪ?» ፊታቸው በራ። «እንሽላሊት?» መልሶ ጠቆረ።

ስሙ ነው እንጂ በእርግጥ እንሽላሊት አልነበሩም፤ ከቤት የሚበልጡም ነበሩባቸው ብዬ ላለዝብ ሞከርኩ።

«አሁንስ የት አሉ?»

«አልቀዋል» አልኩ። መዋሸትም ጉልበት ይጠይቃል።

ከጓዳ የሙሉ ሳግ ተሰማኝ። ደንግጬ፣ ዘራቸው ጨርሶ አልጠፋም፣ ወፎች የእነሱ ልጆች ናቸው አልኩ።

«የትኛው ወፍ?»

«ለምሳሌ... ዶሮ።»

አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሸፈነ። አያ ተነሡ።

«እንግዲያው ዶሮ ነኛ! ልጄን አልሰጥም!»

አዲሱ እግራቸው ላይ ወደቀ። «አያ፣ ክፉ አስቤ አይደለም። እኛ ተራው ላይ ዘመን ያለፈበትን ሁሉ እንዲያ ነው የምንለው» አለ። ምነው ባልተናገረ! አያ ጭራሽ ባሱ።

«ኧረ አያ» አልኩ፣ «እኔንስ ተማሪዎቼ እንዲያ አይደል የሚሉኝ?»

አስቤ አልነበረም፤ ከአፌ ወጣ። ሰሌዳው ላይ ዳይኖሰር አድርገው ይሥሉኛል፣ ከነመነጽሬ፣ ከነረጅም ጭራው። ሥዕሉ ደግሞ እኔን ይመስላል።

አያ ዞረው አዩኝ።

«እርስዎን? ይሄን ሁሉ ትውልድ ያስተማሩትን?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን አሏቸው?»

«ምን እላለሁ? አጠፋሁትና ስለ ቅጠል አስተማርኳቸው።»

የአያ ትከሻ ቀስ ብሎ ወረደ። ተመልሰው ተቀመጡ።

«ተነሥ አንተ» አሉት አዲሱን። «እሳቸው ከቻሉት እኔም እችለዋለሁ። ልጄን ግን የምትወስዳት በጋሪዬ ነው። በዚያች ባጃጅህ አይደለም።»

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ሙሽሮቹ በጋሪው ሄዱ፤ ባጃጆቹ ጥሩንባቸውን እየነፉ፣ ለፈረሱ እርምጃ እየተገዙ፣ ከኋላ ተከተሉ። እኔ ዳሱ ጥግ ይዤ ትንሽ አረፍኩ ስል፣ አያ ከእንጅባራ የመጡ ዘመዶቻቸውን አስከትለው መጡና እጄን ያዙ።

«ዳይኖሰር የሚሉን እኛን ነው» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «አስፈሪው እኔ ነኝ። ያለቁት እሳቸው ናቸው።»

ትርጉሙ እንዲያ ለሁለት አይከፈልም ልላቸው ነበር። ደከመኝ። ጠላዬን አነሣሁ።