የነብር ቆዳው ግልድም ካርቶኑን እንዳዳነ

ካርቶኑ ከአልጋ ሥር በነገሠ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ ኮርኒሱ ማንጠባጠብ በጀመረ በሁለተኛው ወር፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ የማስታወቂያ ሠዓሊው፣ የሱቅ ሁሉ ግንባር አሳማሪ፣ አርባ ሰባት የቆዩ የጫካ ጀብዱ ኮሚኮችን፣ በሥዕል የሚተረኩ መጽሔቶችን፣ በላስቲክ ጠቅልሎ በካርቶኑ ውስጥ የጠበቀው፣ ብሩሹ የተባለው ጀግና የፈጸመው ገድል ይህ ነው። ኮሚክ የልጅ ነው የሚል ቢኖር አያንብበው፤ ለእሱ አልጻፍነውም።

ባለቤቱ ልብስ ሰፊዋ፣ እመቤተ መርፌ ወክር፣ ሁለተኛ የስፌት መኪና ገዝታ ማስቀመጫ ብታጣ፣ ከመኝታ ቤቱ ደጃፍ ቆማ አዋጅ አስነገረች፦ «አንተ ሰውዬ፣ አልሰማሁም እንዳትል! ራቁቱን በሐረግ የሚንጠላጠል ጎረምሳ ቤቴን አይጋራኝም። እስከ ስድስት ሰዓት ካርቶንህ ከነዝንጀሮው ይውጣ!»

ጀግናውም ሠራዊቱን አስከተተ። በቀኝ ሶፋ የማይለቀው የሚስቱ ወንድም፣ በግራ አንድ ጆሮዋ የተቀደደ ድመት፣ በደጀን እጀታው የተሰበረ አጉሊ መነጽር ተሰለፉ፤ የሚስቱ ወንድም ግን የእህቱን ፊት ባየ ጊዜ ተመልሶ ተኛ። ብሩሹም ኮሚኮቹን በአልጋው ላይ ዘርግቶ፣ የአዞውን ቅርፊት፣ በሦስት ጭረት ብቻ የተሠራውን ፏፏቴ፣ ከመስመሩ ያፈነገጠውን ቀይ ቀለም እያሳየ ዐወጀ፦ «ሥዕል ማለት በወርቃማ ክፈፍ የተሰቀለ የአበባ ማስቀመጫ ብቻ የሚመስላችሁ ሁሉ ዕፈሩ! ይህን ነብር ተመልከቱ፤ ትከሻው ሲታጠፍ ነጥቦቹም አብረው ይታጠፋሉ። ይህን የሣለ እጅ ርካሽ ወረቀት ላይ ስለታተመ ይናቃል?»

እመቤቲቱም ሰዓቷን አየች። ካርቶኑን ልታነሣ ጎንበስ ባለች ጊዜ ግን ዐይኗ ከጫካው ጎረምሳ ወገብ ላይ፣ ከነብር ቆዳ ግልድሙ ላይ ዐረፈ። አንድ ገጽ ገለጠች፤ ሌላ ገለጠች፤ ተቀመጠች። ስድስት ሰዓትም አለፈ። ወእምዝ ሁለተኛውን አዋጅ አስነገረች፦ «ከገደል ይወረወራል፣ ከአዞ ይታገላል፣ ቀበቶ የለው፣ ቁልፍ የለው! ይህ ግልድም በምን ተይዞ ነው የማይወርደው? ስፌቱን ሳላገኝ አንዲት ወረቀት ከዚህ ቤት ብትወጣ ወዮላችሁ!»

አዲሲቱም መኪና ወደ ሳሎን ተሻገረች፤ ሶፋውም ከነባለሟሉ ወደ በረንዳ ተሰደደ።

ብሩሹ ግን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ምሥጢሩን ያውቅ ነበር፦ የኮሚኮቹ ሠዓሊ ከጎረምሳው ወገብ ጋ በደረሰ ቁጥር ወይ ቅጠል ወይ ጥላ ይጥልበታልና፣ በአርባ ሰባቱም ውስጥ አንድም ስፌት የለም። ኦ ብሩሹ፣ ዐቃቤ አናምርት ወአዞ፣ የነብርና የአዞ ጠባቂ ሆይ፣ ስለ ተናገርኸው ሳይሆን ስለ ዋጥኸው ነገር ክብር ይገባሃል! እመቤቲቱ ገና ሦስተኛው ኮሚክ ላይ ናት፤ አጉሊ መነጽሩንም ማርካለች።