ከእትዬ የሺእመቤት ሱቅ ፊት ለፊት ያለው መድኃኒት ቤት

ታክሲ የሚቆምበት ፌርማታ ሁሉ የራሱ እትዬ የሺእመቤት አለው። «የኛ ሰፈር የለውም» የምትሉ ካላችሁ እስካሁን ስላላያችኋቸው ነው፤ እሳቸው ግን አይተዋችኋል።

የኛዋ፣ የዓለም ባንክ ሰፈሯ ክብርት እትዬ የሺእመቤት፣ ዳቦና ሳሙና የሚሸጡባት ሱቅ ከሰፈሩ መድኃኒት ቤት ፊት ለፊት ናት። ከዚያ የሚወጣ ሰው ሳይጠየቅ አያልፍም። «ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?» ራሴን ካልሽ ውሃ አትጠጪም ብለው ይቆጡሻል። ሆዴን የምትል ያላገባች ልጅ ግን እስካሁን አልተገኘችም። ክፋት የለባቸውም። ሳል ይዞኝ ሽሮፕ ገዝቼ በወጣሁ ማግስት የቸርቻቸውን እህቶች አስከትለው ሊጸልዩልኝ ቤቴ መጥተዋል።

እናም እኔ፣ የቤት ኪራዬን ራሴ የምከፍል የባንክ ሠራተኛ፣ የወሊድ መከላከያ ክኒኔን የምገዛው ታክሲ ቀያይሬ አስኮ ድረስ ሄጄ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እዚያው አስኮ መድኃኒት ቤት ውስጥ ከፊቴ የቆመችው ልጅ «ለአክስቴ ነው» ስትል ሰማሁ። ድምፁን አወቅሁት። ሃፊዛ ናት፤ ከኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ከወላጆቿ ጋር የምትኖር፣ ልብስ ቤት የምትሠራ ልጅ። ዞራ ስታየኝ ፊቷ ቀላ።

«አንቺስ ለማን ነው?» አለችኝ።

«ለእህቴ።»

«እህት የለሽም እኮ!»

ሳቃችንን መቆጣጠር አቅቶን ወጣን።

መንገድ ላይ ግን ሳቁ ቀረ። ሃፊዛ የሆነችውን አወራችኝ፤ አንዴ ጤና ጣቢያ ሄዳ የወሊድ መከላከያ መርፌ ስትጠይቅ፣ ነርሷ ተሰላፊው ሁሉ እየሰማ «ባልሽ ያውቃል?» አለቻት። «ራሴን ነው ያመመኝ» ብላ ወጣች። የሥራ ቦታ ጓደኞቿ ደግሞ መርፌ መካን ያደርጋል አሏት። ስለ ኮንዶም ስታነሳ ፍቅረኛዋ ጀላል «አታምኚኝም ማለት ነው?» ብሎ ያኮርፋል። ስለዚህ የቀራት ፖስት ፒል፣ ከግንኙነት በኋላ የሚዋጠው ክኒን፣ ብቻ ነው፤ በተደናገጠች ቁጥር እሱን ትውጣለች።

ብዙም ሳይቆይ የወር አበባዋ ቀረ። ልትመረመር ስንወጣ እትዬ የሺእመቤት ከሱቃቸው ብቅ አሉ። «ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?»

ሃፊዛ የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። ሁሉንም ነገረቻቸው። «አባቴ ሰው ፊት በኔ ነው የሚምለው» አለች መጨረሻ ላይ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

እትዬ የሺእመቤት ቁልፋቸውን አነሱ። ሱቃቸውን ቆልፈው ታክሲ ውስጥ ከኛ ጋር ገቡ።

ጤና ጣቢያ ነርሷ «አግብተሻል?» ብላ ጀመረች።

«እህቴ፣ ጋብቻ ልታስመዘግብ አይደለም የመጣችው» አሉ እትዬ። «በሩን ዝጊና እንደ ሰው አናግሪያት።»

በሩ ተዘጋ። ውጭ አግዳሚው ላይ ቁጭ አልን።

«እኔን ፈርታችሁ ነው አስኮ የምትሄዱት?» አሉኝ።

መዋሸት አልሆነልኝም። «አዎ።»

«ሳታገቡ ተዉ እላለሁ። ነገም እላለሁ፤ እምነቴ ነው» አሉ። ድምፃቸው ወረደ። «ግን የምጠይቃችሁ፣ ማንም የለንም እንዳትሉ ብዬ ነበር።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሃፊዛ ዓይኗ አባብጦ እየሳቀች ወጣች። እርግዝና የለም። የወር አበባዋን ያዛባው ፖስት ፒሉን ማብዛቷ ሳይሆን እንደማይቀር ነርሷ ነግራታለች። መርፌውም መካን አያደርግም፤ ከተቋረጠ በኋላ ግን ለማርገዝ ትንሽ ሊያዘገይ ይችላል። ሁሉንም ሰምታ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን መከላከያ መርጣለች። ከአባላዘር በሽታ ስለሚጠብቅ ኮንዶሙንም እንዳትተው ተነግሯታል። «ያኮረፈ ያኩርፍ» አለች።

ስንመለስ እትዬ መሃላችን ተቀምጠው የሃፊዛን እጅ ይዘው ነበር። ድንገት ወደኔ ዞሩ። «አንቺስ? በደንብ ነው የምትወስጂው?»

የምዋሸው ታሪክ አላጣሁም ነበር። ግን ጆሯቸው ላይ ተጠግቼ እውነቱን ነገርኳቸው፤ የምወስደውን፣ አንዳንዴ የምረሳውን፣ ለእናቴ መናገር የምፈራውን። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ለእናቴ እንኳ እንዲህ አውርቼ አላውቅም።

ስጨርስ አንገታቸውን ነቀነቁና ታክሲው ሙሉ እንዲሰማ አድርገው «ልጁ ግን ሊያገባሽ አስቧል?» አሉኝ።

ተሳፋሪው ሁሉ መልሴን ለመስማት ዞረ። እኔም ሳቄ እያመለጠኝ ትከሻቸው ላይ ተደፋሁ።