በየዓርቡ ገበያ የሚወጣው ቦረቦር

ከሁሉ በፊት ይመዝገብ፦ ኮሚቴው ለጸሐፊው የሰጠው እስክርቢቶ ካልነቀነቁት አይጽፍም። በዚህ ቃለ ጉባኤ የተዘለለ ነገር ቢኖር ጥፋቱ የእስክርቢቶው ነው።

ቀን፦ ረቡዕ ሐምሌ 6 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 8፡00 (የተጀመረው 8፡50)
ቦታ፦ ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ቁልቁል፣ የቀበሌው መጋዘን
የተገኙ፦ አቶ ቢሻው (ሰብሳቢ)፣ ሚካኤል (የካርታ ባለሙያ)፣ እንዳልካቸው (መረጃ መዝጋቢ፣ የጸሐፊው የእህት ልጅ)፣ አስማረ (ጸሐፊ)
ያልተገኙ፦ ወ/ሮ ብርቄ፣ ያለ ፈቃድ። ቦረቦሩ (ጎርፍ የቆፈረው ገደል) እየተጠጋ ያለው ወደ እሳቸው ቤት ነው።
ከአምስት አባላት አራቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል።

1ኛ አጀንዳ፦ ጎርፍ የቆፈረው ገደል ወዴት እየሄደ እንደሆነ መወሰንና የመጡትን ስድስት የድንጋይ መሙያ የሽቦ ሳጥኖች ከፊቱ መደርደር

ሚካኤል፣ እንዳልካቸው በየዕለቱ በስልኩ እየመዘገበ ከላካቸው የገደሉ መገኛ ነጥቦች የጉዞውን ሞዴል መሥራቱን ገለጸ። በሞዴሉ መሠረት ቦረቦሩ በየዓርቡ አርብ ገበያ እንደሚወጣ፣ ጠላ ቤት ደጃፍ ሦስት ሰዓት እንደሚቆይ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እንደሚታይ፣ ፍጥነቱም በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር መሆኑን አስረዳ።

ሰብሳቢው «ይኸማ የእኔ እርምጃ ነው!» በማለት ተገረሙ። ቤተ ክርስቲያን መሳሙም በበጎ እንዲያዝለት አሳሰቡ።

ጸሐፊው «አንተ፣ ነጥቡን የት ቆመህ ነው የመዘገብኸው?» ሲል ጠየቀ። እንዳልካቸው «አጎቴ፣ ገደሉ ዳር ኔትወርክ የለም፤ ባለበት ቆሜ ነዋ!» ሲል መለሰ። ጸሐፊው «የጠላ ቤቱ ኔትወርክ ጥሩ ነው ማለት ነው» ብሎ አስተያየቱን አሳጠረ። ሚካኤል ግን ሪፖርቱ ወደ ላይ ስለተላከ ቦረቦሩን አሁን መመለስ እንደማይቻል አስገነዘበ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ስድስቱም ሳጥኖች ጠላ ቤቱ ፊት ለፊት እንዲደረደሩ በሦስት ድምፅ ተወሰነ። ጸሐፊው ተቃወመ፤ እስክርቢቶው እዚህ ላይ ስለለገመ ምክንያቱ አልተያዘም።

2ኛ አጀንዳ፦ የወ/ሮ ብርቄ መቅረት

ሰብሳቢው «የምንለፋው ለእሳቸው፣ የሚቀሩት እሳቸው!» በማለት አማረሩ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጣቸው ተወሰነ።

ማስጠንቀቂያው እየተጻፈ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ወ/ሮ ብርቄ የወጥ ቤታቸውን የቆርቆሮ በር ተሸክመው ገቡ። ሰብሳቢው ለምን እንደዘገዩ ጠየቋቸው።

«ከወጥ ቤቴ የተረፈው ይኸ ነው» አሉ። «ሌላውን ገደሉ ወሰደው። ዋናው ቤቴ አራት ክንድ ቀርቶታል። እናንተ ገበያ ይወጣል ስትሉ ከውጭ ሰማሁ፤ እንግዲያ ወጥ ቤቴን ሊሸጠው ይሆናላ!»



የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ሳጥኖቹ አሁኑኑ ወደ ወ/ሮ ብርቄ ጓሮ ይሄዳሉ። የመጀመሪያውን ድንጋይ እንዳልካቸው ይሸከማል፤ ስልኩ እስከዚያ ጸሐፊው ኪስ ይቆያል።

ስብሰባው 9፡40 ላይ ተበትኖ ሁሉም ወደ ገደሉ ሮጠ። በተላከው ሪፖርት መሠረት ግን ቦረቦሩ አሁንም ጠላ ቤት ነው።