«የማዳበሪያ አዘገጃጀት» የተባለው ካሴት

ካሴት የሚዋስ ሰው አላምንም። ቀና ሰው ሊሆን ይችላል፤ ጾሙን የማይገድፍ፣ ልቅሶ ቤት ቀድሞ የሚደርስ፣ የጎረቤት ላም ስትጠፋ ዱላውን ይዞ የሚወጣ ሊሆን ይችላል። ካሴት ከተዋሰ በኋላ ግን ሌላ ሰው ነው። «ነገ አመጣዋለሁ» ሲላችሁ ዓይኑን ልብ ብላችሁ እዩት። ጃዝ ወዳጅ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ዘፈን የሚወድ ሰው ሰምቶ ሰምቶ ሲሰለቸው ይመልስላችኋል። ጃዝ የሚወድ ሰው አይሰለቸውም።

«መካነ ሰላም ላይ ጃዝ?» ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ሳቁ። አምባሰል የወሎ ነው ሲባል ደረታችሁን ትነፋላችሁ፤ ያንኑ አምባሰል አንድ ሰው በሳክስፎን ሲነፋው ግን የፈረንጅ ነገር ይሆንባችኋል። ለማንኛውም በከተማችን ጃዝ ወዳጅ የምንባለው ሁለት ነን። አንዱ እኔ ነኝ፤ ጂኦግራፊ ሳስተምር ጡረታ የወጣሁ። ሁለተኛው ሰይድ ነው፤ ጤና ጣቢያ መርፌ ሲወጋ ጡረታ የወጣ። እያፏጨ ነበር የሚወጋው። ልጆች ፉጨቱን ሰምተው ሲዘናጉ መርፌው ገብቶ ይወጣል። ይህን ሳየው ገና ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ካሴቶቼ ብዙ ናቸው፤ የምወዳቸው ግን ሦስት ናቸው። አንደኛው ደሴ አንድ ሆቴል ውስጥ የተቀዳ ነው። መለከቱ ሊገባ ሲል ብርጭቆ ይሰበርና አስተናጋጁ «ይቅርታ ጌታዬ» ይላል። ያንኑ ሙዚቃ በኋላ ብርጭቆው ሳይሰበር ሰማሁትና የሆነ ነገር ቆርጠው ያወጡበት መሰለኝ። እስካሁንም ይመስለኛል። ሁለተኛው የፒያኖ ነው። አንድ ክረምት ጣራው አፍስሶበት ክሩ ስለተበላሸ ፒያኖው አልፎ አልፎ ያነክሳል። ሰይድ «ክሩ አይደለም፣ ሰውየው ጠጥቶ ነው» ብሎ ክረምቱን ሙሉ ተከራክረናል። ሦስተኛው የሃምሳ አለቃ ተፈራ ነው። ነገሬም እሱ ነው።

ሃምሳ አለቃ የከላላ ሰው ናቸው። በጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል ሳክስፎን ሲነፉ ኖረው፣ ክፍሉ ሲበተን ሳክስፎናቸውን ይዘው አገራቸው ገቡ። በኋላ ልጃቸው መካነ ሰላም ስለተዳረች እሷ ዘንድ ሊኖሩ በበቅሎ መጡ። ከተማው መግቢያ ላይ ሚሊሻዎች ረጅሙን ጥቁር ሳጥን ከበቅሎዋ ጀርባ ላይ አዩ። በዚያን ሰሞን ረጅም ሳጥን ሁሉ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ የጦር መሣሪያ። «ክፈት» አሏቸው። ከፈቱ። የሚያብረቀርቀው ነገር ሚሊሻዎቹን ይበልጥ አስፈራቸው። ሃምሳ አለቃ ሲያስረዱ ቢውሉ እንደማይሆን ገባቸውና መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነፉላቸው። አንደኛው ሚሊሻ ሲጨርሱ «እለፉ አባቴ» እንዳላቸውና በቅሎዋን ራሱ እየሳበ እስከ ልጃቸው ቤት እንዳደረሳቸው እሳቸው ራሳቸው ነግረውናል።

ያ ቅጂ የተቀዳው ከትምህርት ቤታችን አዳራሽ ነው፣ በሰይድ ቴፕ፣ በእኔ ባዶ ካሴት። መጀመሪያ በረዶ የቆርቆሮ ጣራውን ሲደበድበው አንድ ሰዓት ጠበቅን። ሲያባራ ሃምሳ አለቃ የተማሪ አግዳሚ ላይ ተቀመጡና ዓይናቸውን ጨፍነው አምባሰሉን ጀመሩ። ወደ መሐሉ ሲደርሱ ዜማውን ትተውት ሄዱ። ሰይድ እጄን ያዘኝ። የት እንደሚሄዱ እኛም እሳቸውም አናውቅም ነበር፤ ሲመለሱ ግን ዜማው ያው የቀድሞው አልነበረም። ሰይድ አለቀሰ። እኔም አልቅሻለሁ፣ ግን እኔ ቴፑን እንደሚያስተካክል ሰው ጎንበስ ብዬ ነው። ያ ቅጂ አንድ ነው። እሳቸውም ሁለተኛ አልተቀዱም፤ «ራሴን ስሰማ ሐሰተኛ የሆንኩ ይመስለኛል» ይሉ ነበር።

በሳምንቱ ሰይድ መጣና «ካሴቱን አውሰኝ፣ ገልብጬ ልመልስልህ» አለኝ። ቴፑ የእሱ እንደነበረ አልካድኩም። ካሴቱ ግን የእኔ ነው። «ቆይ» አልኩት። እንደ ወጣ ሦስት ነገር አደረግኩ። ማንም እንዳይቀዳበት የካሴቱን ሁለት ጥርሶች ሰበርኩ። ካሴቱ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት የሃምሳ አለቃን ስም ፋቅኩ። በምትኩ ማንም ሌባ ዞር ብሎ የማያየውን ነገር በወፍራም እስክሪብቶ ጻፍኩበት፦ «የማዳበሪያ አዘገጃጀት፣ ክፍል ሁለት»። ክፍል ሁለት ማለቴ በጣም አኮራኝ። ክፍል አንዱን ሳይሰማ ክፍል ሁለትን ማን ይሰርቃል?

ለባለቤቴ ለአስካለም አልነገርኳትም። አስካለን አምናታለሁ። የምታወራቸውን ሰዎች ነው የማላምነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ካሴቱን ልሰማ መደርደሪያው ጋ ብሄድ የለም። ቤቱን ገለበጥኩት። «የሃምሳ አለቃን ካሴት አይተሻል?» አልኳት አስካለን። «እንዲህ የሚል የተጻፈበት አላየሁም» አለች። እውነቷን ነው፤ እንዲህ የሚል የተጻፈበት አልነበረም። የማስመሰያውን ስም ደግሞ አሁንም አልነገርኳትም፤ ምስጢር ነበራ። ወዲያው ልቤ ሰይድ ላይ ወደቀ። ማን ጠየቀኝ? ሰይድ። ማን ያንን አምባሰል ይፈልጋል? ከሰይድ በቀር በወረዳው ሰው የለም። ማስረጃውም ብዙ ሳይቆይ ተገኘ። አንድ ቅዳሜ በገበያው መሐል ሳልፍ ሰይድ ከፊቴ እያፏጨ ይሄዳል። ሃምሳ አለቃ ዜማውን ትተው የሄዱበትን ክፍል፣ ከነመዞሪያው፣ አንድም ሳይስት። እናንተ ፍረዱኝ፤ አንዴ ብቻ የተሰማ ነገር እንዲህ ሊያዝ ይችላል? ካሴቱ እጁ ላይ ከሌለ?

አልተናገርኩትም። እኔ ሰው ፊት ሌባ የምል ሰው አይደለሁም። ሰላምታዬን ብቻ ቀነስኩ። መጀመሪያ የልጆቹን ደህንነት መጠየቅ ተውኩ፣ ቀጥሎ እጅ መጨበጥ፣ ቀጥሎ መቆም። ሰይድም ሳይጠይቀኝ የራሱን ቀነሰ። ይሄም ማስረጃ ሆነልኝ፤ ንጹሕ ሰው ቢሆን ምን ሆንክ አይለኝም? እሁድ እሁድ ሃምሳ አለቃ ቤት እንሄድ የነበረውንም ተውኩት፣ እዚያ እንዳላገኘው። ከስድስት ዓመት በኋላ ሃምሳ አለቃ ሲሞቱ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እኔ በምሥራቅ በኩል ቆምኩ፣ ሰይድም ከሙስሊሞቹ ለቀስተኞች ጋር በምዕራብ በኩል ቆመ። የሞቱት ሰውዬ በጥርሳቸው መካከል ምን ዓይነት ትንፋሽ ያልፍ እንደነበር የምናውቅ ሁለት ሰዎች፣ መሐላችን መቃብራቸው እየተቆፈረ፣ ቀና ብለን ሳንተያይ ተመለስን።

እንዲህ ሆነን ሃያ ዓመት ሊሞላን ምንም አልቀረውም። ባለፈው ወር አንድ ረፋድ ላይ የጎረቤታችን የእትዬ ዘሐራ ልጅ ሐያት መጣች። እትዬ ዘሐራ ካረፉ ቆይተዋል። ሐያት ገና ልጅ እግር ሳለች ዓረብ አገር ሄዳ፣ ይህን ሁሉ ዓመት እዚያው በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት።

«ጋሼ፣ ቴፕ አለዎት አሉኝ» አለች።

«ማን ነው ያለሽ?» አልኳት። መጀመሪያ ይህ መታወቅ አለበት።

«ሁሉም ሰው። አገር ምድሩን ዞርኩ፣ ከእርስዎ በቀር ቴፕ ያለው የለም።» ከሻርፗ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ካሴት አወጣች። «የእማዬ ድምፅ ነው። እዚያ ሳለሁ የላከችልኝ። ክሩ ሳያልቅ ወደ ስልኬ ልቅዳው ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ እንዲህ ነበር። ደብዳቤ መጻፍ የማይችሉ እናቶች ለልጆቻቸው በካሴት ይናገሩና ለሚሄድ ሰው ይሰጡት ነበር። ካሴቱ ሽፋን የለውም፤ ላዩ ላይ የነበረው ወረቀትም ተልጦ የቀረው ጥጉ ብቻ ነው። ጥርሶቹ በነበሩበት ቦታ ወረቀት ተጎስጉሷል። አስገብቼ ተጫንኩት።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ልጄ ሐያት» አሉ እትዬ ዘሐራ። አገሩ ሩቅ ስለሆነ እየጮኹ ነው የሚናገሩት። «አልሐምዱሊላህ፣ እኛ ደህና ነን። ቡሬዋ ወልዳለች፣ ጥጃዋ አንቺን ትመስላለች። ሥራው ከከበደሽ አብሽሪ፣ እኔ ሌትም ቀንም ዱዓ ላይ ነኝ...» ሐያት ስልኳን ቴፑ ፊት ይዛለች፤ ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀሳል። በቃሏ ታውቀዋለች። እትዬ ዘሐራ ተናገሩ፣ ተናገሩና «በቃ ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚጠፋው?» አሉ። ቀጭ አለ።

ቀጥሎ ሳክስፎን ገባ።

ከመሐሉ ነው የገባው፣ ዜማውን ትተው ከሄዱበት። እጄ ቴፑ ላይ እንዳለ ቀረ። ሐያት «ይሄ ደግሞ እማዬ ለእኔ ብላ ያስገባችው ነው» አለች። «እሷ ማልቀስ ስለማትወድ በዚህ ያለቀሰች ይመስለኝ ነበር። ማን ነው ጋሼ የሚነፋው?»

ካሴቱን አውጥቼ ጥጉ ላይ የቀረችውን ወረቀት በመነጽሬ አየሁ። «የማዳበሪያ አዘ...» ይላል፤ በወፍራም እስክሪብቶ፣ በእኔ እጅ ጽሑፍ።

ያኔ ትዝ አለኝ። የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር። አስካለ በሩ ላይ ቆማ፣ እትዬ ዘሐራ ባዶ ካሴት እንደሚለምኑ፣ ሱቅ እንደጠፋ፣ መንገደኛዋም ነገ በጠዋት እንደምትሄድ ነገረችኝ። ቀና ሳልል «የማይረባውን አንዱን ስጫቸው» አልኩ። ቆየት ብላ ተመለሰችና «አይቀዳም» አለችኝ። «ጥርሱ ተሰብሮ ይሆናል፣ ወረቀት ጎስጉሽበት» አልኳት። መምህር ስለሆንኩ ማስረዳት እወዳለሁ።

አስካለን ከጓዳ ጠርቼ ስጠይቃት ትንሽ አሰበችና «የማዳበሪያውን ነው የሰጠኋቸው» አለች። «ከእሱ የማይረባ ምን ነበረ?»

ልናዘዝላችሁ። መጀመሪያ ያሰብኩት ዝም ማለትን ነው። ማንም የሚያውቅ የለም፤ ሰይድም ሌባ ሆኖ መኖሩን አያውቀው። ግን ሐያት አሁንም መልሴን እየጠበቀች ነበር፤ የነፊውን ስም ከነገርኳት ደግሞ ነገሩ ሰይድ ጆሮ መግባቱ አይቀርም። ቴፑን አንጠልጥዬ፣ ሐያትን አስከትዬ ሰይድ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፍቶ ሲያየኝ ወደ ኋላዬ ተመለከተ፣ ሌላ ማን እንደሞተ ልንነግረው የመጣን መስሎት።

ካሴቱን አስገብቼ ከፈትኩለት። እትዬ ዘሐራን እንደቆመ ሰማቸው። ሳክስፎኑ ሲገባ ተቀመጠ። እስከ መጨረሻው ሰማውና ካሴቱን አውጥቶ አገላበጠው። ወረቀቷን አየ። የእኔን እጅ ጽሑፍ ያውቀዋል።

«ማዳበሪያ» አለ። «ይሄን ስም ሰጥተህ ነው ሃያ ዓመት ስትደብቀኝ የኖርከው?»

ፍረዱኝ እንዳልላችሁ ማስረጃው ሁሉ እኔ ላይ ነው። ሐያት ባትኖር አያምነኝም ነበር። «ወላሂ ጋሼ ሰይድ፣ ካሴቱ ከእኔ ጋር ነበር» ብላ ነገሩን ሁሉ ነገረችው። እኔም ቀሪውን፣ ጠርጥሬው እንደኖርኩ ሳይቀር፣ ነገርኩት። «አንተስ እንዴት ታፏጨው ነበር ታዲያ? አንዴ ብቻ ሰምተህ?» አልኩት።

«ማን አንዴ ሰማ?» አለ ሰይድ። «እሁድ እሁድ እሳቸው ቤት አልነበርኩም? እስኪሞቱ ድረስ ነፍተውልኛል። ያንን አምባሰል ስንት ዓይነት አድርገው እንደነፉት ብነግርህ አታምነኝም።» ካሴቱን እንደገና አገላበጠው። «ሊጀምሩ ሲሉ ሁልጊዜ ‹መምህሩስ?› ይሉኛል። ‹ይመጣል› እላቸዋለሁ። ምን ልበላቸው? ካሴቱን ለብቻው ቤቱ ተቀምጦ መስማት መርጧል ልበላቸው? እኔ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ያንተን ዱካ፣ ያቺን ትንሽ በርጩማ፣ ማንም እንዲቀመጥባት አይፈቅዱም ነበር።»

አፈርኩ። ከማፈርም በላይ ነበር። ለአንድ ካሴት ሃያ ዓመት አለቀስኩ። ሰውዬው ራሳቸው ግን ከቤቴ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ተቀምጠው ስድስት ዓመት ነፍተዋል፣ በሕይወት፣ በራሳቸው ትንፋሽ፤ አንዱንም አልሰማሁም። ማንም አልሰረቀኝም። ሐያት ማዶ ለማዶ ስንተያይ አይታ «አብሽሩ» አለችን፣ እንደ እናቷ እየጮኸች ማለት ይቻላል።

ስንነሳ ሰይድ ካሴቱን በእጁ እንደያዘ «ሐያት፣ ብታውሽኝ» አላት። «ደሴ ያለው ልጄ በማሽን አጽድቶ በደንብ ያስገለብጠዋል። የእናትሽም ድምፅ ይጠራል።» እኔ ጎሮሮዬን ጠረግኩ። ሐያት ግን «ይውሰዱት» አለችው፣ እንደ ቀላል ነገር።

ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነ። ሰይድን አልጠረጥርም፤ ይህን ሁሉም ይወቅልኝ። ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ አጅባር ላይ በዝናብ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፣ ልጁም ሥራ በዝቶበት ይሆናል። ትናንት በበሩ ሳልፍ ያፏጭ ነበር። ቆምኩ። አምባሰሉ ነው፣ ግን እኔ ከማውቀው የተለየ መንገድ ይዞ የሚሄድ፤ ሃምሳ አለቃ እኔ ሳልኖር ከነፉት አንዱ መሆን አለበት። ሰይድ አየኝና ፉጨቱን ሳያቋርጥ አንዲት ዱካ በእግሩ ወደ እኔ ገፋ አደረገ። ገብቼ ተቀመጥኩ። ስለ ካሴቱ ሳላነሳ እስኪጨርስ ሰማሁት።

ስወጣ ግን ካሴቱ መቼ እንደሚመለስ ጠየቅኩት። ለሐያት ብዬ ነው።