የማይታወቀው ሱሪ

[ልብስ ስፌት ቤት። ጋሼ፣ የቤቱ ሰፊ፣ ውስጡ ወደ ውጭ የተገለበጠ ሱሪ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ መቀስ አንስቷል። የሚስቱ ታናሽ ወንድም እጁን ጥርቅም አድርጎ ይዞታል። ማታ ትምህርት ከጀመረ ወዲህ ሰፈሩ «ሊቁ» ይለዋል።]

ሊቁ፦ አትቁረጥ አልኩህ!

ጋሼ፦ ልቀቀኝ እንጂ! ቀኙ እግር ከግራው በሁለት ጣት ይረዝማል። ሁለቷን ጣት ከቀኙ ላነሳ ነው፣ አለቀ።

ሊቁ፦ ከአንድ ወገን ብቻ? ወንጀል እኮ ነው ጋሼ! በአልጀብራ ከአንዱ ወገን የቀነስከውን ከሌላውም ትቀንሳለህ።

ጋሼ፦ አልጀብራ ሱሪ ይለብሳል እንዴ?

ሊቁ፦ ኧረ በፈጠረህ! ሚዛን አስብ። በአንዱ በኩል ያልተከፈተ የቁልፍ ፓኬትና ሦስት ቁልፍ፣ በሌላው አሥር ቁልፍ፤ እኩል ቆመዋል። ከሁለቱም ሦስት ሦስት አነሳህ። ምን ቀረ?

ጋሼ፦ ስድስት ቁልፍ የጠፋበት ደንበኛ።

ሊቁ፦ ፓኬቱ ውስጥ ሰባት አለ ማለት ነው! ሳይከፈት ታወቀ! እሱ ነው ኤክስ፣ የማይታወቀው።

ጋሼ፦ ካነሳኸው አይቀር፣ ይሄ ሱሪ የማን እንደሆነ...

ሊቁ፦ እንዳትነግረኝ! የማይታወቀው መጨረሻ ላይ ነው የሚወጣው። ይልቅ ቶሎ በል፣ አሥር ሰዓት ላይ የእጮኛዬ አባት ፊት እቀርባለሁ። ሱፌ ደርሷል አይደል?

ጋሼ፦ እሱን እኮ ነው የምልህ...

ሊቁ፦ ቀንስ!

[ጋሼ ከሁለቱም እግር ሁለት ሁለት ጣት ይቆርጣል።]

ጋሼ፦ አሁንም ቀኙ በሁለት ጣት ይረዝማል።

ሊቁ፦ ደርሰናል፣ ድገም።

[ይቆርጣል።]

ጋሼ፦ አሁንም በሁለት።

ሊቁ፦ ምን ዓይነት ግትር ሱሪ ነው! ድገም፣ ድገም!

[ይቆርጣል፣ ይቆርጣል፣ ደጋግሞ ይቆርጣል። ሱሪው ጉልበት ጋ ደርሷል።]

ጋሼ፦ ሊቁ፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ ሁለቷ ጣት ንቅንቅ አላለችም።

ሊቁ፦ [ግንባሩን ይመታል] ወይኔ! አስተማሪያችን ሲጮሁ ያመሹት ለካ ይሄንን ነው! መጀመሪያ እኩል መሆን አለበት! እኩል ካልሆነ፣ ከሁለቱም ብትቀንስ ብትቀንስ እንደተበላለጠ ይኖራል። ገባኝ! ጋሼ፣ አልጀብራ ገባኝ!

ጋሼ፦ እንኳን ደስ ያለህ።

ሊቁ፦ [በሳቅ እየተንፈራፈረ] ባለቤቱን ግን አየኸው? ሎሚ የሚያካክል ጉልበቱን እያሳየ ሲሄድ! በል አሁን ኤክስን አውጣው፣ የማን ነው?

[ጋሼ ሱሪውን ገልብጦ የውጭ ፊቱን ያወጣል። ሰማያዊ ሱፍ፣ ቀጭን ነጭ መስመር ያለው። የሊቁ ሳቅ ቀጥ ይላል።]

ሊቁ፦ ይሄ... ይሄን ጨርቅ እህቴ ናት የመረጠችልኝ።

ጋሼ፦ ልነግርህ ስል መጨረሻ ላይ ይወጣል አልክ። ይኸው ወጣ።

ሊቁ፦ ጋሼ! በቁምጣ ነው አማቴ ፊት የምቀርበው?!

ጋሼ፦ እኔ እያለሁልህ? [ኮቱን ከመስቀያው ያወርዳል፤ እጅጌውን ዘርግቶ መቀሱን ያነሳል።] ከታች የቀነስነውን ከላይም እንቀንሳለን። ስንት ጣት ልበል?