በፊልም የነገርኩት መርዶ

ይህን አንብባችሁ ገጼን አንፎሎው ብታደርጉ አልቀየማችሁም። እኔ ራሴን አንፎሎው ማድረግ ብችል ኖሮ ትናንት አድርጌው ነበር!

አንድ ሽማግሌ የልጃቸውን ሞት ከእኔ ሰሙ።

ከእኔ! ከተከራይዋ! ለዚያውም ፊልም እያየን!

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ስሞቹን ቀይሬያለሁ። ሰፈሩ ግን ቡራዩ ነው፤ ቡራዩ ደግሞ ሰፊ ስለሆነች ለመፈለግ አትድከሙ።

የፊልም መጨረሻ እንደማይሆንልኝ ታውቃላችሁ። እዚህ ገጽ ላይ ስንቱን ዳይሬክተር ሰድቤያለሁ! ከአንድ ሰውዬ ጋር ሁለት ሰዓት ሙሉ አላምደውን መጨረሻ ላይ ድፍት ሲያደርጉት፣ እኔ ስልኬን አንስቼ ሦስት አንቀጽ እጽፋለሁ። «እንዲህ ነበር ማለቅ ያለበት» እላለሁ። እናንተም «ልክ ነሽ!» ትላላችሁ። እንዲህ እያላችሁ ነው ያበላሻችሁኝ።

አከራዬ ኦቦ ደቻሳ ይባላሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፣ የደም ግፊት አለባቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ስለሌለኝ ፍላሼን ይዤ ሳሎናቸው እገባለሁ። እንግሊዝኛ አይሰሙም። እኔ ከጎናቸው ቁጭ ብዬ እየተረጎምኩላቸው አብረን እናያለን። እንዲህ ከጀመርን ሁለት ዓመት ሆነን።

እንግዲህ የመጀመሪያው ኑዛዜ ይኸውና፤ መጨረሻው ክፉ ከሆነ እቀይርላቸዋለሁ።

ምን ላድርግ? ካዘኑ እራት አይበሉም! አንዴ ባልየው ሚስቱን ጥሎ ሲወጣ «ዳቦ ሊገዛ ነው፣ አሁን ይመለሳል» አልኳቸው። «ጎሽ» ብለው እራታቸውን በሉ። እኔም ሰብታይትል ሆኜ ነፍስ ያዳንኩ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ክፍሌ ገባሁ።

አሁን ወደ ትናንት እንሂድ።

ጠዋት ልጃቸው ጫልቱ በሬን አንኳኳች። ዓይኗ አብጧል። ታናሽ ወንድሟ ገመቹ፣ በጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና የሚነዳው፣ ሐሙስ ዕለት መኪናው ተገልብጦ ሞቷል። አስከሬኑ መንገድ ላይ ነው። አባትየው አልሰሙም።

የአገራችንን ሥርዓት ታውቁታላችሁ። መርዶ እንደ ቴክስት አይላክም። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ጨርሰዋል። እሑድ ጎህ ሲቀድ፣ የንስሐ አባታቸው ባሉበት፣ ዘመድ ከተፍኪ መጥቶ ሲሰበሰብ፣ ሰውየው በልተው ተኝተው ካደሩ በኋላ ይነገራቸዋል። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል።

«ስልካቸውን ቻርጅ ላድርግልዎ ብለሽ ያዥልኝ» አለች ጫልቱ። «ከሰዓት ደግሞ እንደ ወትሮው ፊልም አሳዪያቸው። እኔ ፊታቸውን እያየሁ መቀመጥ አልቻልኩም። የሚያስቅ ይሁን፣ እሺ?»

የሚያስቅ። በዚህ ሁሉ ሐዘን መሃል ከእኔ የተፈለገው ይኸው ነበር። አንድ የሚያስቅ ፊልም!

አስፋልቱ ዳር ያለችው ፊልም የምትጭንልኝ ሴትዮ «ኮሜዲ ነው፣ በቅሎ አለበት» አለችኝ። በቅሎ ካለበት ፊልም ምን ክፉ ነገር ይመጣል ብዬ ሳላየው ያዝኩት።

እናንተዬ፣ ሳላየው!

ፊልሙ የአባትና የልጅ ነው። ተራራ ላይ ይኖራሉ፤ የብረት ምድጃ እየሠሩ በበቅሎ ጭነው ገበያ ይወስዳሉ። በቅሎዋ እምቢተኛ ናት። ዳገት ሲሆን ትተኛለች፣ ቁልቁለት ሲሆን ትሮጣለች። ኦቦ ደቻሳ ከከዘራቸው ጋር እየተወዛወዙ ሳቁ። «ይቺ እኮ የአጎቴ በቅሎ ናት! ይቺን አውቃታለሁ!»

እኔም አብሬ እስቃለሁ። ስልካቸው ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ቆም ይልና እንደገና ይንቀጠቀጣል። ማን እንደሚደውል ማየት ፈራሁ።

አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሆነን አየን። ከዚያ አባትየው ታመመ፣ ልጁ ብቻውን በቅሎዋን ጭኖ ሄደ፣ ሰማዩ ጠቆረ፣ ወንዙ ሞላ። «አይደረግም፣ ኮሜዲ ነው» አልኩ በልቤ።

በማግስቱ በቅሎዋ ብቻዋን ወደ ቤት መጣች።

«ልጁ ከተማ ሥራ አግኝቶ ቀረ» ብዬ ተረጎምኩ። «በቅሎዋን ወደ አባቱ ላካት።»

ኦቦ ደቻሳ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አሉ።

ቀጥሎ ጎረቤቶች አንድ በአንድ እየመጡ አባትየው ደጅ ቆሙ። ኮፍያቸውን አውልቀዋል። ማንም አያንኳኳም፣ ማንም አያወራም። አባትየው በመስኮት ያያቸዋል።

«ታሞ ስለነበር ሊጠይቁት ነው የመጡት» አልኩ።

ሪሞቱ እሳቸው ጋ ነበር። ፊልሙን አቆሙት።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ዳቦ ሊገዛ የሚወጣ ሰው ሻንጣ አይዝም። ያኔም አውቄ ነው ዝም ያልኩሽ። ደስ ካላት ብዬ ነው።»

ሁለት ዓመት ሙሉ! እኔ እሳቸውን አባብላለሁ ስል እሳቸው እኔን ሲያባብሉ ኖረዋል!

ከዚያ በከዘራቸው ቴሌቪዥኑን ጠቆሙኝ። «ሰው እንዲህ ሆኖ ደጅ የሚቆመው ለምን እንደሆነ ለማወቅ እንግሊዝኛ አያስፈልግም። ከጠዋት ጀምሮ ይብሉ፣ ይብሉ ትሉኛላችሁ። ስልኬ ቀኑን ሙሉ ቻርጅ ላይ ነው። ወንድሜ ሁንዴ እበሩ ድረስ መጥቶ ሳይገባ ተመለሰ።»

ስልካቸው ያለበትን ኪሴን በእጄ ሸፈንኩ።

«ኢሳ ከም?»

የትኛው ነው? ማለታቸው ነው። ሦስት ልጆች ናቸው ያሏቸው።

ውሸት ፈለግኩ። እምልላችኋለሁ፣ አጥብቄ ፈለግኩ። ስንቱን የሞተ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስነሳሁ ሰው፣ ለእሳቸው የምሰጠው ግማሽ ቃል አጣሁ። «ማንም ምንም አልሆነም» ማለት እንኳን አልመጣልኝም።

«ገመቹ» አልኩ።

አልጮኹም። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «ጫልቱ ታውቃለች?» አሉ።

«አዎ።»

«ከጠዋት ጀምሮ እኔን ስታበላ፣ እሷ ቀምሳለች?»

አላውቅም አልኳቸው። እውነትም አላውቅም ነበር። ድምፃቸው የወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም።

ቀጥሎ የሆነውን ገምቱ! ለእሑድ ንጋት የተቀጠረው መርዶ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ፈነዳ። ድንኳን አልተተከለም። የንስሐ አባታቸው ሌላ ቦታ ናቸው። የተፍኪ ዘመዶች ገና መኪና ውስጥ ነበሩ። በክብር ተሰልፈው ሊገቡ የነበሩት ሽማግሌዎች በነጠላ ጫማ እየሮጡ መጡ፤ አንደኛው ፂማቸውን ግማሹን ብቻ ተላጭተዋል።

ኦቦ ሁንዴ ወንድማቸው እንዴት እንደሰሙ ሲጠይቁ እውነቱን ተናገርኩ። ሰው ሁሉ በቆመበት ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ መርዶ ነግሬያለሁ! በቴሌቪዥን ሲነገር ግን ገና ዛሬ አየሁ!»

አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ውርደቱስ ይሁን፣ ለምጄዋለሁ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሽማግሌዎቹ ያን ሌሊት ለኦቦ ደቻሳ ሊሰጧቸው ነበር። የሦስት ልጆች አባት ሆነው የሚተኙበት አንድ ሌሊት። እሱን ነው የቀማኋቸው። ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በር በሩን እያዩ፣ አስከሬን ሲጠብቁ አደሩ።

ዛሬ ቀበርነው።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ጥግ ላይ ሳህን እያቀበልኩ ተደብቄ ነበር። ኦቦ ደቻሳ በእጃቸው ጠሩኝ። ኦቦ ሁንዴ አፈጠጡብኝ። ሄጄ እግራቸው ሥር ተንበረከክኩ፤ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ያ ሰውዬ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«የበቅሎዋ ጌታ። ሳናየው ቀረን። እዪውና ንገሪኝ። ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።»

ክፍሌ ገብቼ አየሁት። የቀረው አምስት ደቂቃ ነው። አባትየው በሩን ይከፍታል። ከጎረቤቶቹ አንዱ ጠጋ ብሎ የሆነ ነገር ይለዋል፤ ድምፅ የለም። እዚያው ደጁ ላይ መሬት ይቀመጣል። ቀጥሎ ሌላ ቀን ነው፤ ሰውዬው ቆሟል፤ ለበቅሎዋ ድርቆሽ ይሰጣታል። በቃ፣ አለቀ!

እንዲህ ዓይነቱን መጨረሻ እኔ ስንቴ ረግሜዋለሁ!

ተመልሼ ነገርኳቸው። አንድ ቃል አልጨመርኩም።

«ተነስቷል ማለት ነው?» አሉኝ እጄን ይዘው።

«ተነስቷል።»

«እንዴት አድርጎ ተነሳ?»

«አላሳዩም። መሬት ላይ ነበር፣ ቀጥሎ ቆሞ ነው ያሳዩት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ የፈለግኩት መሃሉን ነበር» አሉና እጄን ለቀቁኝ።

እኔ የፊልም መጨረሻ ባለሙያ ነኝ ባይዋ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ስለ አጨራረስ ስለፈልፍ አንድም ቀን ይህን አልጠየቅኩም። እስቲ ከመካከላችሁ የምታውቁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ በቀልድ አይደለም፣ ለእሳቸው አነብላቸዋለሁ፤ ሰው እንዲህ ከተቀመጠበት መሬት የሚነሳው እንዴት ነው?